እጁ የት ነበር?

«ሲስተር ደብሪቱ ዐረፉ» አለኝ ሞገስ።

ከላሊበላ ነበር የደወለው፤ መስመሩ ይቆራረጣል። መቼ አልኩት። ትናንት ጠዋት አለኝ። የት? ኮን ከተማ፣ እህታቸው ቤት። በምን? ልባቸው ነው አሉ። ሦስቱንም መልስ እጄ ላይ በነበረ ወረቀት ጀርባ ጻፍኳቸው። የሞት ዜና የምቀበለው በዚህ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ እጽፋለሁ፣ ከዚያ እሰማለሁ። ሙያው እንዲህ አድርጎ ሠርቶኛል።

አራተኛ ጥያቄም ጠየቅሁት። ያንን ጥያቄ ያስተማረችኝ ሟቿ ናት። እንዴት እንዳስተማረችኝ ሳልናገር ጥያቄውን ብቻ ባስቀምጥ ለማንም ትርጉም አይሰጥም።

ዘመኑ የኢሕአዴግ ነው፤ የድንበሩ ጦርነት አልቆ የተሰናበቱ ወታደሮች ወደየመንደራቸው የሚመለሱበት ጊዜ። እኔ ደሴ ተቀምጬ የወሎን ወሬ ለአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ እጽፍ ነበር። ላሊበላ የሄድኩት ስለ አዳዲሶቹ ሆቴሎች ለመዘገብ ነው። ያረፍኩበት ሆቴል ዘበኛ ጋዜጠኛ መሆኔን ሲሰማ ሳቀ።

«ሆቴል ምን ይጻፋል? የሚጻፍ ከፈለግህ ጤና ጣቢያ ውጣ። እብድ በእግሩ በኩል የምታክም ነርስ አለችልን።»

ከተማው «እግር መርማሪዋ» ይላታል። ሲስተር ደብሪቱ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነበረች፤ የዋድላ ገበሬ ልጅ፣ አጭር፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት። ክፍሏ ከጤና ጣቢያው ጓሮ ነው። ሁለት ዱካ፣ አንድ አግዳሚ፣ መድኃኒት ያለበት ቁም ሣጥን፣ ወለሉ ላይ ደግሞ ሁለት እግር የሚያስቆም ጠፍጣፋ ቀይ ድንጋይ። በሩ አይዘጋም፤ መጋረጃ ብቻ አለው። የመጣው ሰው የት እንደሚቀመጥ የሚመርጠው ራሱ ነው። እሷ ከፊቱ አትቀመጥም፤ ከጎኑ ትሆናለች። ከኋላው ደግሞ በጭራሽ አትቆምም። ብድግ ከማለቷ በፊት «አሁን ልነሳ ነው፣ መጋረጃውን ልገልጥ ነው» ትላለች። መጀመሪያ ላይ ሥራ ፈት ሴት መሰለችኝ።

ክኒን አትሰጥም ነበር ማለቴ አይደለም፤ ትሰጣለች። ጠበል የሚጠመቀውንም አትከለክልም። «ጠበሉንም ጠጣ፣ ክኒኑንም ዋጥ፣ ሁለቱም ወደ አንድ ሆድ ነው የሚገቡት» ትላለች። ግን ሁሉንም ሰው የምትጀምረው ከእግሩ ነው። ጫማውን አውልቆ ድንጋዩ ላይ እንዲቆም ትጠይቀዋለች፤ እምቢ ካለ «ደግ፣ ነገ» ብላ ትተወዋለች። ከቆመ «አሁን የት ነው የቆምከው?» ትለዋለች። ጥያቄዋ ይኸው ነው።

አንድ ቀን እዚያው ቁጭ ብዬ ሳለሁ ከገነተ ማርያም አንዲት መስማት የተሳናት ወጣት እናት መጣች። አማቷ ከጎኗ ቆመው ይናገሩላታል፤ እንቅልፍ የላትም፣ ሌሊት ትጮኻለች፣ ምን እንዳገኛት አይታወቅም። ደብሪቱ አሮጊቷን «እማማ፣ አንድ ጊዜ ጥላው ሥር ይረፉልኝ» ብላ አስወጣቻቸው። ከዚያ የራሷን መዳፍ ደረቷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተነፈሰች። ሴቲቱ አየቻት። ደብሪቱ እንደገና ተነፈሰች። ብዙ ቆይታ ሴቲቱም መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። በዚያ ቀን ሌላ ምንም አልተደረገም። እኔ ማስታወሻዬ ላይ «ምንም አልተደረገም» ብዬ ጽፌያለሁ። ሴቲቱ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ብቻዋን በእግሯ መጣች።

ሞገስን ያወቅሁት በዚያ ሰሞን ነው።

የቤተ ማርያም መዘምር ነበር። ቄስ አይደለም፤ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ከሚዘምሙት አንዱ ነው። አባቱም እዚያው ቆመው ኖረዋል። ጦርነቱ ሲነሳ ዘምቶ ሲያበቃ ተመለሰ። ግንባር ላይ ምን እንደሠራ ለማንም አልተናገረም። በተመለሰ በመጀመሪያው ክብረ በዓል ከበሮው ሲመታ አንድ ነገር ሆነ። ከጎኑ የቆሙት አባ ተክሌ የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ሞገስ እሳቸውን መሬት ላይ ጥሎ በገዛ ሰውነቱ ሸፈናቸው። ከበሮው እስኪቆም አልተነሳላቸውም። ሲቆም ተነሥቶ ሮጠ፤ ጫማውን እንኳ ትቶ በባዶ እግሩ ገደል ለገደል ሄደ። ሰው የሳቀም ነበር፣ ያማተበም ነበር። ጫማው በር ላይ ሁለት ቀን ሰነበተ። የአባ ተክሌ ጎድን ተሰነጠቀ።

ደብሪቱ ዘንድ ያመጡት እናቱ ናቸው። እኔ ሳገኘው ስምንት ወር ሆኖት ነበር። በእነዚያ ወራት ከድንጋዩ ጀምራ መቋሚያውን አስይዛዋለች። ክብደቱን መቋሚያው ላይ እንዲጥል፣ ከዚያ እንዲያነሳ፣ እንደገና እንዲጥል አደረገችው። አንድ ቀን «እኔ ዝማሜ አላውቅም፣ አስተምረኝ» አለችው። ያለ ድምፅ፣ ያለ ከበሮ፣ ወደ ቀኝ ወደ ግራ እየዘመመ ማስተማር ጀመረ። ወራት ካለፉ በኋላ በጣቷ አግዳሚውን መምታት ጀመረች፤ ቀስ፣ አንድ፣ ሁለት። «በቃ» ሲል ታቆማለች። ቃሉ የሱ ነው። አንዳንድ ቀን ገና አንድ ጊዜ ሳትመታ «በቃ» ይላል፤ እሷም እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ «እሰይ» ትለዋለች።

ይህ ወሬ መሪጌታው ጆሮ ደረሰ። የመዘምራኑ መሪ፣ ረጅም፣ ቁጡ፣ ከተማው ሁሉ «የኔታ» የሚላቸው ሰው ናቸው። በኅዳር አንድ ከሰዓት በኋላ ጤና ጣቢያው ደጃፍ መጡ። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ የጻፍኩትም በዚያችው ሰዓት ነው።

«ሲስተር፣ ሴት ልጅ መርፌ ቤት ውስጥ ዝማሜ ትማራለች ሲሉ ሰማሁ።»

«እማራለሁ የኔታ። ግን አይገባኝም፤ እግሬ ደንቆሮ ነው።»

«ቀልድሽን ተይው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁ። ይህ ልጅ እጁ ላይ ደም አለ ወይስ የለም? ደም ያለበት እጅ ከእኔ ጋር አይቆምም።»

«አልጠየቅሁትም።»

«ስምንት ወር ምን ስትሠሪ ከረምሽ ታዲያ?»

«እግሩን ስፈልግለት።»

«የአእምሮ ሐኪም አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። አእምሮውን ከላይ ፈልጌ አጣሁት፤ ታች ነው የተደበቀው። የጠየቁኝ ነገር የንስሐ አባቱ ነው የኔታ። የኔ ሥራ ከአንገት በታች ነው።»

መሪጌታው መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እስከ ልደት እውነቱ ካልታወቀ ሞገስ ከመዘምራኑ ጋር አይቆምም። ከዚያም ወዲያ አይቆምም።» ብለው ሄዱ።

የሞገስ እናት በአጥሩ ጥግ ቆመው ሰምተዋል። «ከዚህ ቦታ ካወጡት ልጄ ይህን አገር ለቆ ይሄዳል። ከሄደ አይመለስም፤ የሚያቆመው ነገር የለማ» አሉ። ሌላ ምንም አልተናገሩም። ለልደት የቀረው ከወር ብዙም አይበልጥም።

እኔ ነገሩን ቀላል አድርጌ አየሁት። የጎደለው አንድ ፍሬ ነገር ነው። አንድ ሰው ይጠይቀው፣ እሱ ይመልስ፣ ነገሩ ይለቅ። መጠየቅ ደግሞ ሥራዬ ነው። ለደብሪቱ አልነገርኳትም። ሞገስን ሆቴሉ በረንዳ ላይ ሻይ ጋበዝኩት። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ወደ በረንዳው የሚያስወጣው የእንጨት ደረጃ ከጀርባው ሆነ፤ ያኔ ልብ አላልኩትም። ማስታወሻዬን ከፈትኩ። የትኛው ግንባር? ስንት ቀን? ከማን ጋር? ያን ቀን ምን ሆነ? አንድ በአንድ መለሰ፤ ድምፁ አልተለወጠም፣ አላለቀሰም። እንደዚያ በሥርዓት የመለሰልኝ ሰው ብዙ አላውቅም። ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀን። ሲነሳ አመሰገነኝ። ደህና እየሆነ ነው ብዬ አሰብኩ።

በማግሥቱ ከአልጋው አልወረደም። በሦስተኛው ቀን እናቱ «‹እግሬ የት ሄደ?› ይለኛል» እያሉ ወደ ጤና ጣቢያ ወጡ። ሲያለብሱት አይሰማውም። ደጅ በር ሲንኳኳ አልጋው ሥር ይገባል። ስምንት ወር የተሠራው ሁሉ በአንዲት ሻይ ተደረመሰ።

ደብሪቱ ሆቴል ድረስ መጣች። ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም፤ ያን ቀን እንድትጮህብኝ ፈልጌ ነበር። ማስታወሻውን አወጣሁ።

«ያለው ሁሉ እዚህ አለ። አንድ ቃል አልቀረም። ልንገርሽ—»

«አትንገረኝ።» በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ከጎኔ ተቀመጠች። «ሲነግርህ እጁ የት ነበር?»

አላስታወስኩም። እሱ ተቀምጦበት ወደነበረው ወንበር አየሁ።

«እግሩስ? መሬት ነክቷል? ወይስ አንስቶት ነበር?»

«አላየሁም።»

«ይተነፍስ ነበር?»

«ያወራ ነበር።»

«እሱን አልጠየቅሁህም» አለች። ቀጠለችና፤ «ሰው ያየውን ሲተርክ ወዳየበት ቦታ ይመለሳል። አንተ ላክኸው። ተመለስ ሳትለው ሻይህን ጨርሰህ ተነሳህ።»

የሰውን ቀለም፣ የጫማውን ዓይነት፣ የጨረቃውን ሁኔታ ሳይቀር በመመዝገብ የምመካ ነበርኩ። ከእኔ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ የነበሩ ሁለት እጆች ወዴት እንደነበሩ አላውቅም። እስከ ዛሬም አላወቅሁትም።

በሁለተኛው ሳምንት መሪጌታው ደጄን አንኳኩ። ወሬው ደርሷቸዋል።

«ጠይቀኸዋል አሉ። ነግሮሃል አሉ። ምን አለህ?»

«አልነግርዎትም የኔታ።»

«ክፉ ነው ማለት ነው?»

«እሱንም አልነግርዎትም።»

«ደግ ቢሆንማ ትነግረኝ ነበር!» አሉ፤ እየተቆጡ ሳይሆን እያዘኑ። ሲወርዱ የደረጃው እንጨት ሲንቋቋ ይሰማኛል። ጭንቅ የገባኝ ያኔ ነው። ብናገር የሰውን ነገር አሳልፌ መስጠቴ ነው። ዝም ብል ደግሞ ዝምታዬ ምስክር ሊሆንበት ነው። እንቅልፍ አጥቼ አነጋሁና በጠዋት ደብሪቱ ዘንድ ሄድኩ። ልንገራቸው አልኳት።

«የማን ነው ነገሩ?»

«የሱ።»

«እንግዲያ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? ሂድና እሱን ጠይቀው። በመጀመሪያ ግን ጫማህን አውልቅ።»

አብረን ሄድን። ሞገስ ከአልጋው ወርዶ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። እኔም በባዶ እግሬ ከጎኑ ተቀመጥኩ። በዚህ ጊዜ እጁን አየሁ፤ ሁለቱንም ብብቱ ሥር ደብቋቸዋል።

«ሞገስ፣ በደልኩህ። የኔታ የነገርከኝን ጠይቀውኛል። ልንገራቸው?»

«እኔ እኮ የነገርኩህ ስለጠየቅኸኝ ነው» አለ። «ሲጠይቁኝ እምቢ ማለት እንደምችል አላውቅም ነበር።»

ደብሪቱ ከወዲያ በኩል ሆና «አሁንስ ሆዴ?» አለችው።

ወደ እሷ አላየም፤ ወደ እኔ አየ። «አይሆንም» አለ። ከዚያ ደግሞ «በቃ።»

ቃሉን ከእሷ ክፍል ውጭ ሲጠቀምበት የመጀመሪያው ነው። እጁ ከብብቱ ወጣ።

መሪጌታው ወደ ሞገስ ንስሐ አባትም ሄደው ነበር። የንስሐ አባት አይናገርም፤ እሳቸውም ያውቁታል፤ ቢሆንም ሄዱ። ከሦስት ሰው ሦስት እምቢታ ይዘው ከመዘምራኑ ጋር ሲመክሩ የተናገሩት ያልተጠየቁት ሰው ናቸው፤ ጎድናቸው የተሰነጠቀው አባ ተክሌ። ቃሉን በኋላ ከራሳቸው አፍ ሰምቼዋለሁ።

«የኔታ፣ ማንን ገደለ እያላችሁ አገር ከምታስሱ እኔን ጠይቁኝ እንጂ። ይህ ልጅ ሞት መጣ ብሎ ነፍሱ በወጣችበት ሰዓት ያደረገው እኔን መሸፈን ነው። ጥሎኝ አልሮጠም። ከሰማይ የሚወድቅ ነገር ኖሮ ቢሆን የምሞተው እኔ አልነበርኩም። እጁን የምትመረምሩ ከሆነ የኔ ጀርባ ላይ ነበር፤ ያኔም በሞት እኔ ልቅደም ሲል ነው ያገኘሁት።»

መሪጌታው አንድ ቀን አደሩበት። «ከበሮ አይነካም» አሉ በማግሥቱ። «ከላይ ከአፋፉም አይቆምም። ታች፣ ከግድግዳው ጋር ይቁም።»

እናቱ ቅር አላቸው። በልደት ጠዋት መዘምራኑ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሹ ከላይ በቋጥኙ አፋፍ ዙሪያ፣ ግማሹ ከታች ግቢው ውስጥ ሆነው እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። ከላይ መቆም ክብር ነው፤ አባቱ እዚያ ነው የቆሙት። ደብሪቱን ግን ስትስቅ አየኋት።

«ከላይ ይቁም ቢሉኝ ነበር ጉዴ! ገደል አፋፍ ላይ አቁሜው እንዴት ልውል ነበር? ታች ድንጋይ ከእግሩ ሥር፣ ድንጋይ ከጀርባው። የኔታ ሳያውቁ መድኃኒት አዘዙልኝ።»

ልደት ደረሰ። ምዕመኑ ግቢውን፣ አፋፉን፣ መተላለፊያውን ሁሉ ሞልቶታል፤ መፈናፈኛ የለም። ሴት ከመዘምራኑ መሐል አትገባም፤ ደብሪቱ ከማዶ ባለው ግድግዳ ሥር በባዶ እግሯ ቆመች፣ ሊያያት በሚችልበት ቦታ። እኔ ከአጠገቧ ነኝ። ሞገስ ከመጨረሻው ረድፍ ነው። ከጎኑ አባ ተክሌ አሉ፤ ራሳቸው ለምነው ነው የቆሙት። «ጎድኔ ድኗል፣ ዳግመኛ ቢሰበርም በልደት ቀን ነው» ብለዋል።

ዝማሬው ተጀመረ፤ መጀመሪያ ያለ ከበሮ። ሞገስ ይዘምማል፤ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ደብሪቱ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትቆጥራለች መሰለኝ። ከዚያ ከበሮው ተነሳ። የመጀመሪያው ምት ከቋጥኙ ጋር ተላግቶ ሲመለስ የሞገስ ትከሻ ወደ ጆሮው ወጣ። መዝመም አቆመ። እስትንፋሱም የቆመ መሰለኝ። ከኋላው ግድግዳ፣ ከፊቱ ሕዝብ፤ አሁን ቢሮጥ ስንት ሰው ይረግጣል፣ ማን ከማን ላይ ይወድቃል፣ መተላለፊያው ምን ያህል ይጠባል ብዬ አሰብኩ። ደብሪቱ አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗን ከዓይኑ ላይ አንስታ ቀስ ብላ ወደ ገዛ እግሯ አየች።

ሞገስም ወደ እግሩ አየ።

እኔ እጁን አየሁ። ማስታወሻዬ ላይ ያን ጠዋት የሰፈረው ይህ ብቻ ነው፤ «እጁ መቋሚያው ላይ ነው። ሁለቱም።» መቋሚያው ወደ ቀኝ ዘመመ። ከሌሎቹ ግማሽ ምት ወደኋላ ቀርቶ ነበር፤ ግን ዘመመ።

እስከ መጨረሻው አልቆየም። ከበሮው ሲፈጥን ወደ አባ ተክሌ ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ እሳቸውም መንገድ ለቀቁለት። ሕዝቡን እየገለጠ፣ ይቅርታ እያለ ወደ መውጫው አመራ። እኔ አልቆለታል ብዬ ደብሪቱን አየኋት። እንባዋ ይወርዳል፤ ጥርሷ ግን ይስቃል።

«አየኸው?» አለችኝ እጄን ጨብጣ። «አየኸው? ጫማውን እየፈለገ ነው!»

ከበሩ አጠገብ ከተደረደረው መሐል ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈለገ፣ አገኘ፣ አደረገ፣ ክሩን አሰረ። ከዚያ ተራመደ። በማግሥቱ ወደ መዘምራኑ ተመለሰ፤ በሚቀጥለውም በዓል። ከላይ ቆሞ አያውቅም።

በረንዳው ላይ የጻፍኩትን ገጽ ቀድጄ ለሞገስ ሰጠሁት። ደብሪቱ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ገጹ ምን ይል እንደነበር አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። እኔም ያልጠየቅኋት ነገር አለ። የትም ቤት ስንገባ ጀርባዋን ለበር ሰጥታ ተቀምጣ አይቻት አላውቅም። ለምን እንደሆነ አላወቅሁም። አየሁት፤ ያ በቂ መሰለኝ።

እንግዲህ በስልክ ሞቷን ሲነግረኝ መቼ፣ የት፣ በምን ብዬ ከጻፍኩ በኋላ የጠየቅሁት አራተኛ ጥያቄ ይህ ነው።

«ሞገስ፣ አሁን የት ነው የቆምከው?»

«ቤተ ማርያም። ታች፣ ግድግዳው ጋ።»

«እጅህስ?»

«አንዱ ስልኩን ይዟል። ሌላው ድንጋዩ ላይ ነው።» መስመሩ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። «ያንተስ?» አለኝ።

አየሁት። እስክሪብቶውን እንደጨበጠ ነው፤ ጫፉ ወረቀቱን በስቶ ጠረጴዛው ላይ ደርሷል።

«እስክሪብቶውን አልለቀቀም» አልኩት።

«አብሽር» አለኝ። «አስቀምጠው።»

አስቀመጥኩት።